ዶሮ የኋሊት አትሄድም

ይህ ነገር የሆነበትን ከተማ ስም አልናገርም። ብናገር ልታዩት ትመጣላችሁ፤ ከመጣችሁ ደግሞ እንደ ሌላው አገር ሰው ፊት ለፊት እየተራመዳችሁ ታሳፍሩኛላችሁ። በእኛ ከተማ ሰው የሚሄደው የኋሊት ነው።

ነገሩ የመጣው በአውራ ዶሮ ነው። ዶሮ የሌለበት ጓሮ የለንም፤ ዶሮ ባለበት አውራ አለ፣ ከአውራዎቹም መካከል ክፉ አይጠፋም። ክፉ አውራ ፊት ለፊት እያዩት አይደፍርም። ዘወር ሲሉለት ነው አንድ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ በጎን በኩል ተንሸራቶ የሚመጣው፤ መጥቶም ተረከዙ ላይ በበቀለው ሹል ጥፍር ባት ይተለትላል። አያቶቻችን ይህን አይተው መላ መቱ። ከጓሮ ሲወጡ ዓይናቸውን ከአውራው ሳይነቅሉ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ጀመሩ። ደህና መላ ነበር፣ እስከ በሩ ድረስ። ከበሩ ውጭ ግን የጎረቤት አውራ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የሌላው ጎረቤት። ማፈግፈጉ መንገድ ወጣ፣ ገበያ ወረደ፣ ሰርግ ቤት ገባ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ፊት ለፊት የሚራመዱት ዳዴ የጨረሱ ሕፃናት ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም "ባለጌ! ጀርባህን ለማን ነው የምታሳየው?" እያልን እናርማቸዋለን። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ "ካንዱ አውራ ስናፈገፍግ ለሌላው ጀርባችንን እየሰጠን አይደለም ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። መስተዋት ይግዛ ተባለ።

ኑሮ ይለመዳል። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት የኋሊት ትወጣለች፣ ሙሽራው የኋሊት መጥቶ ይቀበላታል፤ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በማጅራታቸው ነው። ሰው ሲሰነባበት "ከኋላህ ጉድጓድ አይግጠምህ" ይባባላል። አቅሙ ያለው መንገድ ጠሪ ይቀጥራል። መንገድ ጠሪ ማለት ከጎን ሆኖ "ድንጋይ! ቦይ! አህያ!" እያለ የሚጮኽ ሰው ነው፤ ራሱም የኋሊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የሚጮኸው ከተደናቀፍን በኋላ ነው። አቅም የሌለው የአንገት መስተዋት ያንጠለጥላል። ልብስ ሰፊዎቻችን ደግሞ የተመሰገኑ ናቸው፤ የፊቱን ጥልፍ አይታችሁ አትጠግቡም። ጀርባውን ግን በማዳበሪያ ከረጢት ይጨርሱታል። ማን ሊያየው? ባልና ሚስት እንኳ ሲተኙ ፊት ለፊት ተያይተው ነው፤ ልብስም ሁሉም የራሱን ራሱ ያጥባል። የማዳበሪያውን ነገር የማያውቅ የለም፣ የሚያነሣውም የለም።

ለዚህ ሁሉ ሹም አለን። አቶ እንዳሻው ይባላሉ፣ የማፈግፈግ ሹም ናቸው። ለሹመቱ የበቁት ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ አንዴም ሳይደናቀፉ በማፈግፈጋቸው ነው። እርግጥ ያን ቀን ድንጋዩ ሁሉ ቀድሞ ተለቅሞላቸው ነበር።

አሰገደች ጎረቤቴ ናት፣ አጥራችን አንድ ነው። የማወጋችሁን ግማሹን በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፣ ግማሹን እሷው ነግራኛለች። ባሏ ምትኩ የአንገት መስተዋት ይሠራል፤ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዝምተኛ ሰው ነው። ልጅ የላቸውም። አሰገደች ዶሮዎቿን በስም እየጠራች፣ እየመከረች፣ ሲብስባትም እየተሳደበች ነው የምትውለው። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ገብስማን ነበር፤ ግራጫ ላይ ነጭ የተንጠባጠበባት አሮጊት ዶሮ ናት፣ ጥሬ ሲበተን ከሁሉም ኋላ መጥታ ከሁሉም ቀድማ የምትጠግብ።

አውራው አባ ቀስቅስ ይባላል። ጫጩት ሳለ ከአሰገደች መዳፍ ላይ ነበር የሚለቅመው። ጎርመስ ሲል አንድ ማለዳ ውሃ ልትሞላላቸው ስትገባ ዘሎ ቀሚሷን ጫረው። አሰገደችም በጨዋ ደንብ አፈገፈገች። አባ ቀስቅስ ያን ቀን አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ይህች ትልቅ ፍጥረት ሲዘሉባት ትሄዳለች። በማግስቱ ራቅ ካለ ቦታ መጥቶ ዘለለባት። አሁንም ሄደች። መጀመሪያ የውሃው ገንዳ የእሱ ሆነ፣ ቀጥሎ የጌሾው ጥላ፣ ቀጥሎ የልብስ ማስጫው ገመድ። የአሰገደች ነጠላ እዚያው ገመዱ ላይ ከረመ፣ ዝናብም ፀሐይም ተፈራረቀበት። ሽንት ቤቱ ጓሮው ጫፍ ላይ ስለሆነ ባልና ሚስቱ ለመሄድ ይመካከሩ ነበር። በመጨረሻ አሰገደች ጥሬውን ከደጃፉ ደፍ ላይ ቆማ መወርወር ጀመረች።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የገብስማን ጀርባ ነው። አባ ቀስቅስ ከሴቶቹ ሁሉ እሷን መረጠ፤ እየወጣባት በጥፍሩ ሲቧጥጣት የጀርባዋ ላባ ተነቅሎ አለቀ፣ ቆዳዋ እንደ ተላጨ ራስ ቀልቶ ወጣ፣ አንዳንዴም ይደማል። እንቁላል መጣል አቆመች። ቀኑን ሙሉ ከጎተራው ሥር ተወሽቃ ትውላለች፤ ሌሎቹም ሴቶች ተከትለዋት ገቡ። አሰገደች ከደፉ ላይ ሆና እያየቻት "ኧረ ውጪና አንድ ፍሬ ቅመሺ፤ ትሞቺብኛለሽ" ትላታለች።

"አውራውን አርደን እንገላገል" አለችው ምትኩን።

"ማን ይዞት?" አለ ምትኩ።

በዚሁ የተነሣ አሰገደች ለማፈግፈግ ሹሙ አቤት አለች።

አቶ እንዳሻው ከነመንገድ ጠሪያቸው መጡ። የኋሊት ስለገቡ ጀርባቸው ወደ ጓሮው ነበር፤ በአንገት መስተዋታቸው አባ ቀስቅስን፣ ጎተራውን፣ ከጎተራው ሥር የሚታየውን የገብስማን ራቁት ጀርባ በየተራ መረመሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

"ጥፋቱ የዶሮዋ ነው" አሉ። "ጀርባዋን ሰጥታዋለች።"

"ጌታዬ፣ ዶሮ እኮ ናት። ዶሮ የኋሊት አትሄድም።"

"ሞክራ ታውቃለች?"

"እኔ እንጃ… አላየኋትም።"

"አዩ? አልሞከረችም ማለት ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ እየወደቀ እየተነሣ የሚማረውን አንዲት ዶሮ ንቃ ስትተወው ዝም ብንል ነገ ልጆቻችንን ምን እንላቸዋለን?" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ፍርዱን ተናገሩ፤ ሊመጣ ባለው ቅዳሜ ገብስማ በሕዝብ ፊት ታፈገፍጋለች። ካላፈገፈገች እሷም ጓደኞቿም ወደ ድስት ይሄዳሉ። አባ ቀስቅስ ጀርባ ስላልሰጠ ምንም የሚጠየቅበት የለም።

አሰገደች ያን ቀን ደፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ማስተማር ጀመረች። አባ ቀስቅስ በጌሾው ጥላ ሥር አሸለብ ሲያደርገው ገብስማን በጎተራው በኩል ሰርቃ ቤት ታስገባታለች። ፊቷ ላይ መጥረጊያ ብታቆምባት ገብስማ መጥረጊያው ላይ ወጥታ ተኛች። ጥሬውን ከኋላዋ ብታስቀምጥላት ዞር ብላ በላችው። ምትኩ ራሱ በእንብርክኩ ሆኖ "እንዲህ፣ እንዲህ" እያለ እያፈገፈገ አሳያት። ገብስማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ስታየው ቆየችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ንቃኛለች" አለ ምትኩ።

"አይ፣ እያሰበች ነው" አለች አሰገደች።

ዓርብ ዕለት ወለሉ ላይ ጥቂት ገለባ ፈሰሰ። ገብስማ በግራ እግሯ ጫረች፣ በቀኝ እግሯ ጫረች፣ ከዚያ የጫረችውን ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ምትኩ! አፈገፈገች!"

"አይቻለሁ! አይቻለሁ!" ምትኩ አፉን መሸፈን ረስቶ ሳቀ።

ገብስማም ወደ ፊት ተራምዳ ያገኘችውን ፍሬ ዋጠች። ቢሆንም አሰገደች ያን ማታ በደስታ እራቷን ሁለቴ በላች።

ቅዳሜ ከተማው ሁሉ መጣ። ጓሮው በጀርባ ሞላ፤ አጥር ላይ፣ በር ላይ፣ ጣሪያው ላይ መስተዋት እያብለጨለጨ ሰዉ ገብስማን በትከሻው ላይ አሻግሮ ይመለከታል። እኔም ከቀዳዳዬ አልተነሣሁም። አቶ እንዳሻው "ትጀምር" አሉ። አሰገደች ገለባ በተነች። ገብስማ በግራ ጫረች፣ በቀኝ ጫረች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሕዝቡ ጓሮውን በጭብጨባ አናወጠው። እሷ ግን ወደ ፊት ሄዳ በላች።

አቶ እንዳሻው እጃቸውን አነሡ። "ያየነው ማፈግፈግ አይደለም" አሉ። "ምሳ ነው። ቢላዋ ይምጣ።"

ጭብጨባው አባ ቀስቅስን ቀስቅሶት ኖሮ ከጌሾው ሥር ወጥቶ በቀጥታ ገብስማ ላይ ሰፈረባት። ገብስማ እሪ ብላ ከሥሩ ተፈተለከችና የምታውቀው መሸሸጊያ ቢጠፋባት ከአሰገደች ቀሚስ ኋላ፣ ከተረከዟ ሥር ገብታ ተለጠፈች። አባ ቀስቅስ ክንፉን እየጎተተ ተከተላት።

"አፈግፍጊ!" ብሎ ጮኸ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። "እትዬ አሰገደች፣ አፈግፍጊ!"

አሰገደች ተረከዟን አነሣች። ከተረከዟ ሥር ትኩስ ነገር ነካት። ላባ የሌለው የገብስማ ጀርባ ነበር። አንድ እርምጃ ብታፈገፍግ ትጨፈልቃታለች።

"ጀግንነት አይደለም" ብላኛለች ኋላ ስትነግረኝ። "የምሄድበት ቦታ አጣሁ እንጂ።"

አባ ቀስቅስ ሲዘል አሰገደች ጎንበስ ብላ አየር ላይ ተቀበለችው፤ ሁለት ክንፎቹን ባንድ ላይ አፈፍ አድርጋ፣ ልክ ሲመሽ ሴቶቹን ወደ ቆጣቸው እንደምታስገባ አድርጋ፣ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ተራገጠ። አንዴ ጮኸ። ከዚያ ጸጥ አለ። አሰገደች የሚመጣባትን መዓት ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ የመጣ ነገር ግን አልነበረም። ክብደቱ ገረማት፤ ገብስማን እንኳ አያህልም። ሁሉ ነገሩ ላባ ነው፤ ከላባው ሥር አንዲት ትንሽ ልብ በፍርሃት ትርገበገባለች።

"ይኸው ነው?" አለች ጮክ ብላ።

አቶ እንዳሻው በመስተዋታቸው አዩና፦ "ወይዘሮ አሰገደች፣ ይህ ከደንብ ውጭ ነው። አውራውን አሁኑኑ መሬት ያስቀምጡ።"

"እሺ ጌታዬ" ብላ ጎንበስ አለች።

"ኧረ እንዳታስቀምጪው!" ብሎ ሰዉ አጥር ላይ ወጣ። ከሁሉም ልቀው የጮኹት ራሳቸው አቶ እንዳሻው ነበሩ።

"ዶሮዎቼስ?" አለች አሰገደች ጎንበስ እንዳለች።

"ዶሮዎቹ ይኑሩ! ዕድሜ ልካቸውን ይኑሩ! ብቻ እባክዎ አይልቀቁት!"

አሰገደች ቀና አለች። ልታመሰግናቸው አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ብትራመድ ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረና፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ቀስ እያለ አፈገፈገ።

ከዚያ ወዲያ አባ ቀስቅስን ብብቷ ሥር ይዛ ነው የምትወጣ የምትገባው። እሱም ኑሮው ተመቸው፤ ዓይኑን እያስለመለመ ከተማውን ይጎበኛል። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሰልፉ ለሁለት ይከፈልላታል። መጀመሪያ "ኧረ ተራዬን እጠብቃለሁ" ትል ነበር። ቆይታ ማለቱን ተወችው። ገበያ መሃል ፊት ለፊት የምትራመድ እሷ ብቻ ነበረች፤ ማንም ባለጌ አላላትም። አቶ እንዳሻውም ነገሩን ደንብ አበጁለት፤ ለአሰገደች "እመ ጉያ" የሚል ማዕረግ ሰጧት፣ ፊቱ በጥልፍ ያሸበረቀ ካባ አለበሷት፣ ሰው ስንት ክንድ ርቆ እንደሚያፈገፍግላትም አስለፈፉ። የምትኩ መስተዋት ገበያው ደራ፤ ከአውራም ከሚስቱም የሚጠነቀቅ ሰው በዛ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ታፍርበት ነበር። ከዚያ ለመደችው። ከዚያ ደግሞ ፈጥኖ ያላፈገፈገላትን ሰው ልብ ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ከአጥሩ ቀዳዳ ሆኜ እንደ ወትሮዬ "እንዴት አደርሽ እትዬ አሰገደች?" ብላት "ዓይንህን ከቀዳዳው አንሣ" አለችኝ። እኔም ቅር ቢለኝም አነሣሁ፤ ዘወር ስትል ግን መልሼ አየሁ።

እንደዚህ ሳለች ነው አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጓሮዋ ውስጥ፣ ካባዋን ለብሳ፣ አባ ቀስቅስን አቅፋ፣ ምሳ ስትጠብቅ ምትኩ በትሪ ሽሮ ይዞላት የወጣው። እጇ ስለተያዘ የሚያጎርሳት እሱ ነበር። አጎረሳት፤ እስክትጠግብ ጠበቃት። ከዚያ ትሪውን አንሥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ አፈገፈገ። ገብስማ መንገዱ ላይ አፈር እየታጠበች ነበር። ለማንም አልተነሣችም። ምትኩ በእሷ ተደናቅፎ በጀርባው ወደቀ፤ ትሪው ተንከባለለ፣ እንጀራው ተበተነ፣ የአንገቱ መስተዋት ተሰበረ።

"ምትኩ! ምን ሆነህ ነው በገዛ ጓሮህ የምታፈገፍገው?"

"ልማድ ነው" አለ ከወደቀበት።

አሰገደች ብብቷ ሥር ያለውን አየች። "ይኸን ፈርተህ ነው? አቅፌው እያየህ?"

ምትኩ የመስተዋቱን ስባሪ እየለቀመ "እሱን እንኳ አይደለም" አለ።

አሰገደች ፊቷ እንደ ምድጃ ጋለ። ስትነግረኝም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ጎንበስ ብላ አባ ቀስቅስን መሬት አስቀመጠችው። እሱም እግሩ እንደ ደነዘዘ ሰው ቆሞ ዙሪያውን አየ። ያን ጊዜ አሰገደች በከተማችን ማንም ነፍስ ያወቀ ሰው አድርጎት የማያውቀውን አደረገች። አውቃ፣ ቀስ ብላ፣ ጀርባዋን አዞረችበት።

"ጀርባሽ!" ጮኸ ምትኩ። "አሰገደች፣ ጀርባሽ!"

"አውቃለሁ። ዝም በል።"

ከኋላዋ ጥፍር መሬት ሲጭር ሰማች። ቀረብ አለ። ቆመ። ቀጥሎ የሰማችው ድምፅ ጫጩት ሳለ ከመዳፏ ሲለቅም ከሰማችው ወዲህ ሰምታው የማታውቀው ነበር፤ "ቁቅ ቁቅ ቁቅ" የሚል ዝቅ ያለ ጥሪ። አባ ቀስቅስ የተበተነውን እንጀራ አግኝቶ፣ ሳይበላ፣ ሴቶቹን እየጠራ ነበር። ገብስማ አፈሯን አራግፋ ተነሣች። አዲስ ላባ ጉጥ ጉጥ ማለት የጀመረበትን ጀርባዋን ሰጥታው በላች።

ምትኩ አሁንም መሬት ላይ ነው። ግን ዓይኑ ከአውራው ተነሥቶ ሌላ ነገር ላይ አርፏል።

"አሰገደች…"

"ምን?"

"ካባሽ። ኋላው ማዳበሪያ ነው።"

"የማን ያልሆነ አለ?"

"አውቃለሁ። አይቼው ግን አላውቅም።"

አሰገደች ወደ እሱ ዞረች። "ያንተስ?" አለችው።

ምትኩ ተነሥቶ ቆመ። አውራውን አየ፣ አጥሩን አየ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንሽ ትንሽ እያለ ዞረላት። ማዳበሪያው ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተልትሎ ነበር። በቀዳዳው የሚታየው ቆዳ በፀሐይ ተልጧል፤ በየድንጋዩና በየቦዩ ሲወድቅ የኖረበት ሰንበር፣ የቆየው ጠቁሮ፣ የዛሬው ቀልቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሯል። ስንት ዘመን አብራው ስትኖር አንድ ቀን አይታው አታውቅም፤ እሱም አንድ ቀን አመመኝ ብሏት አያውቅም።

አሰገደች ጣቶቿን ሰንበሩ ላይ አሳረፈች። ምትኩ ትከሻውን ሸምቀቅ አደረገ፣ ግን አልሸሸም።

ቤት ገብታ የካባዋን የፊት ጥልፍ ቆርጣ ከመርፌና ክር ጋር ይዛ ወጣች። "ቁጭ በል፣ ልጣፍልህ" አለችው። ምትኩም ደፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

ያን ጊዜ እኔ ማንም ሳያዘኝ ዓይኔን ከቀዳዳው አነሣሁ።